የቅዳሴ ዘቢብ

የቅዳሴ ዘቢብ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የሚቀርበው ወይን የሚዘጋጅበት የደረቀ የወይን ፍሬ ነው። ወይኑ በጠርሙስ ተሞልቶ ከፋብሪካ አይመጣም። ምእመናን ደረቁን ፍሬ ያመጣሉ፣ አገልጋዮች ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በውሃ ዘፍዝፈው ያዘጋጁታል። በዚህ ምክንያት ወይን በማይበቅልበት ደጋ፣ እንዲሁም እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስና እንደ ጣና ገዳማት በታንኳ ብቻ በሚደረስባቸው ወይም ቀድሞ ይደረስባቸው በነበሩ ቦታዎች ሳይቀር ለዘመናት መቀደስ ተችሏል። ዘቢብ ከታጣ ግን ቅዳሴ አይቀደስም።

አዘገጃጀት

ዘቢቡ የሚዘጋጀው ከቤተ መቅደሱ በስተምሥራቅ በሚሠራው ቤተ ልሔም በተባለው ትንሽ ቤት ነው። ከስንዴ የሚጋገረው ኅብስትም የሚዘጋጀው እዚያው ነው። ፍሬው ተለቅሞ ይታጠባል፣ በንጹሕ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ታሽቶ ይጨመቃል፣ ከዚያም ይጣራል። የተገኘው ጭማቂ በጽዋ ሆኖ ከኅብስቱ ጋር ወደ ቤተ መቅደስ ሲሄድ ቃጭል ይደወላል፣ ጥላም ይያዛል። ሥራው የካህናትና የዲያቆናት ነው። ጭማቂው እንደ ጠጅ ተጠንስሶ ስለማይቆይ አያሰክርም።

ደረቅ መሆኑ የሚሰጠው ጥቅም

እሸት የወይን ፍሬ ከክብደቱ 80 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ሲደርቅ የውሃው መጠን ወደ 15 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አንድ ኪሎ ዘቢብ ለማግኘት አራት ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል። በዘቢብ ውስጥ የሚቀረው ስኳር እጅግ የተከማቸ በመሆኑ እርሾና ሻጋታ በቀላሉ አይራቡበትም። ስለዚህ በደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ለወራት ሳይበላሽ ይቆያል። አይፈስም፣ አይሰበርም፣ በከረጢት ተቋጥሮ በእግርም በበቅሎም ይጓዛል። ከተዘፈዘፈ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሞቃት ቦታ በጥቂት ቀናት ውስጥ መፍላት ሊጀምር ይችላል።

በታሪክ

እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በጉዞ ማስታወሻው ላይ ይህንኑ ልማድ ገልጿል። እንደ እርሱ ዘገባ የእሸት ወይን ጠጅ በይፋ የሚጠመቀው በንጉሡና በጳጳሱ በአቡነ ማርቆስ ቤት ብቻ ነበር። አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ግን የሚቀድሱት በውሃ ተዘፍዝፎ በጨርቅ በተጨመቀ ዘቢብ ነበር። ዘዴው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ወይን እንደ ልብ በማይገኝበት በደቡብ ህንድ ማላባር የነበሩ ክርስቲያኖችም በዘቢብ ይገለገሉ ነበር።

ሐይቅ እስጢፋኖስ

የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በደቡብ ወሎ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ በዚያ ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ገናና ሆኗል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ነበሩ። ገዳሙ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ ልሳነ ምድር ሆኗል፣ በእግርም ይገባበታል። ቀድሞ ግን ደሴት ነበር። አልቫሬዝ ባለፈበት ዘመን ወደ ገዳሙ የሚሻገሩት ከውሃ ዳር ተክል በተሠራ ታንኳ እንደነበር ጽፏል። በደሴቱ ሎሚና ብርቱካን እንደሚበቅል ጠቅሷል። ከየብስ የሚመጣው ነገር ሁሉ ግን፣ የቅዳሴው ዘቢብ ጭምር፣ ውሃውን መሻገር ነበረበት። በጣና ሐይቅ ላይ ያሉት እንደ ዳጋ እስጢፋኖስና ክብራን ገብርኤል ያሉ ገዳማት ዛሬም የሚደረስባቸው በጀልባ ነው።

ይዞ መጓዝ

ወይንን በጠርሙስ ይዞ መጓዝ ገደብ አለበት። በዓለም አቀፍ የመዝናኛ መርከቦች ብዙ ኩባንያዎች ተሳፋሪው የራሱን ወይን ይዞ እንዲገባ የሚፈቅዱት በተወሰነ መጠን ነው። የተለመደው በመሳፈሪያው ዕለት ለአንድ አዋቂ አንድ ባለ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱ በመርከቡ ምግብ ቤት ከተከፈተ ደግሞ ኮርኬጅ የሚባል የመክፈቻ ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል። የመጠጥ ሽያጭ ከመርከቦቹ ዋና ገቢዎች አንዱ መሆኑ ለገደቡ ምክንያት ነው። በአውሮፕላንም በብዙ አገሮች በእጅ ሻንጣ የሚያዝ ፈሳሽ በአንድ ዕቃ ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ዘቢብ ግን ፈሳሽም አልኮልም ስላልሆነ ይህ ሁሉ አይመለከተውም። በውጭ አገር የሚገኙ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትም ፍሬውን ካሉበት ከተማ ገበያ ገዝተው በዚያው ሥርዓት ሊያዘጋጁት ይችላሉ።

ስጦታና እጥረት

ዘቢብ ከዕጣንና ከጧፍ ጋር ለቤተ ክርስቲያን ከሚሰጡ የታወቁ ስጦታዎች አንዱ ነው። ሦስቱ ብዙ ጊዜ አብረው ይጠራሉ፤ ምእመናን በስለት፣ በንግሥ በዓልና በጉዞ ይዘዋቸው ይሄዳሉ። በከተማ ይህ ቀላል ስጦታ ይመስላል። በገጠር ግን የአገልግሎቱ መቀጠል የሚወሰንበት ነው፤ ምክንያቱም ስንዴ ከአካባቢው እርሻ ሊገኝ ሲችል፣ ዘቢብ አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር ገብቶ ከከተማ ሱቅ የሚገዛ ነው። መንገድ ሲዘጋ ወይም ዋጋው ሲወደድ ቀድሞ የሚጎዳው ገቢ የሌለው የገጠር ደብር ነው። ያን ጊዜ ማኅሌቱ ሊቆም፣ ሰዓታቱም ሊደርስ ይችላል። ኅብስትና ወይን አንድ ላይ ካልቀረቡ ግን ቅዳሴው አይፈጸምም፣ ሕዝቡም ሳይቆርብ ይመለሳል። በዚህ የተነሳ የጽዋ ማኅበራት፣ ሰንበት ትምህርት ቤቶችና እንደ ማኅበረ ቅዱሳን ያሉ ድርጅቶች ዘቢብ፣ ዕጣንና ጧፍ አሰባስበው ለተቸገሩ አብያተ ክርስቲያናት ይልካሉ።

የአገር ውስጥ ወይን

በኢትዮጵያ የወይን ጠጅ በፋብሪካ ይጠመቃል። የአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ጉደርና አክሱማይት የተባሉ ምርቶች ከቆዩት መካከል ናቸው፤ በዝዋይ አካባቢም ሰፊ የወይን እርሻ አለ። እነዚህ ግን ለገበያ የሚቀርቡ የአልኮል መጠጦች ሲሆኑ፣ የቅዳሴው ወይን ዛሬም በየቤተ ልሔሙ ከዘቢብ የሚዘጋጀው ነው።