ያገለገለ ጋሪ ስንት ያወጣል?

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ከዋናው አስፋልት ወጣ ሲሉ ዕቃ የሚያመላልሰው የፈረስ ጋሪ ነው። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ተሳፋሪው ቀንሶበታል። በቆሎ ወደ ወፍጮ፣ ብሎኬት ወደ ግንባታ፣ በርበሬ ከገበያ ወደ መጋዘን ሲሄድ ግን ዛሬም ጋሪ ይፈለጋል፤ ቤንዚን በሚጠፋበት ሰሞን ደግሞ ተሳፋሪውም ይመለሳል። ስለዚህ ጥቂት ገንዘብ ያጠራቀመ ወጣት ያገለገለ ጋሪ ገዝቶ ሥራ ለመጀመር ቢያስብ ትክክል ነው። የምመክረው ሒሳቡን ከፈረሱ እንዲጀምር ነው። ብረቱ አንዴ ይገዛል፣ ፈረሱ ግን ሥራ ኖረም አልኖረም በየቀኑ ይበላል።

ጋሪው ራሱ የተወሳሰበ ነገር የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ከአሮጌ መኪና የወጣ አክስል፣ ሁለት ጎማ፣ በብየዳ ወይም በእንጨት የተሠራ መጫኛና ከፈረሱ ግራና ቀኝ የሚያልፉ ሁለት ዘንጎች ናቸው። ገዢው አንዱን ጎማ ከመሬት አስነስቶ በእጁ ያሽከርክረው። ከላይና ከታች ይዞ ሲወዘውዘው የሚላወስ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ሲሽከረከር ወዲያና ወዲህ የሚል ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል። አዲስ ቀለም የተቀባ ቦታ ሲያይ ይጠርጥር፤ ከሥሩ የተሰነጠቀ ብየዳ ሊኖር ይችላል። ከመነዳሪው ስንት ቦታ እንደተለጠፈም ይጠይቅ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል፤ ጎማና ኩሽኔታ ደግሞ ከውጭ የሚመጡ ናቸው። በርካሽ የተገዛ ጋሪ ሁለት ጎማና ሁለት ኩሽኔታ ካስለወጠ ርካሽነቱ እዚያው ያበቃል።

ሚዛኑን ማየትም አይቀርም። ጭነቱ ወደ ፊት ካደላ ክብደቱ የፈረሱ ጀርባ ላይ ያርፋል፤ ወደ ኋላ ካደላ ዘንጎቹ ወደ ላይ ተነሥተው የሆዱ መታጠቂያ ያንቀዋል። አክስሉ ያለ ቦታው የተበየደ ጋሪ ጭነቱ ቢስተካከልም ፈረሱን ማቁሰሉን አይተውም፣ የቆሰለ ፈረስ ደግሞ ከሥራ ውጪ ነው።

ፈረስ ለመግዛት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቡሬ በላይ ያለው የአዊ ደጋ የፈረስ አገር ነው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ያከብራል። ደላላው ስለ ዕድሜው የሚናገረውን ትቶ ከንፈሩን ገልጦ ማየት ይሻላል። የፊት ጥርሶቹ ሁሉ ተቀይረው የሚያልቁት 5 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። በታችኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶች አናት ላይ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ ከ6 እስከ 8 ዓመት ባለው ጊዜ እየተበላ ይጠፋል። ጉድጓዱ ጨርሶ ከጠፋ ፈረሱ ወጣት አይደለም።

አብዝቼ የምሰጋው ከጋሪው ጋር በምርቃት የሚመጣውን አሮጌ ማሰሪያና መደላድል ነው። በፈንገስ የሚመጣ የጋሪ ፈረሶች በሽታ አለ፤ በእግር፣ በደረትና በአንገት ላይ እንደ ዶቃ የተሰደሩ እብጠቶችን ያወጣል፣ እብጠቶቹም ፈርጠው ይቆስላሉ። ሞቃትና እርጥበት ያለው ወይና ደጋ ይመቸዋል። ከቁስል ወደ ቁስል በዝንብና በጋራ ዕቃ ይተላለፋል፤ ሥር ከሰደደ ሕክምናው ረጅምና ውድ ነው፣ ብዙ ጊዜም አይሳካም። ስለዚህ ማሰሪያውና መደላድሉ አዲስ ይሁኑ። ከክረምት በኋላ በትንንሽ ነፍሳት ንክሻ የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ግን ክትባት አለው፤ የሚመረተውም ቢሾፍቱ ነው። ገዢው ከክረምት በፊት በአቅራቢያው ያለውን የእንስሳት ክሊኒክ ይጠይቅ።

ቀለቡን እናስላ። የሚሠራ ፈረስ በቀን ከክብደቱ 2 በመቶ የማያንስ ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ 220 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ ከ4 ኪሎ በላይ ማለት ነው። ጭድና ድርቆሽ ብቻውን ጉልበት ስለማይሆን ገብስ ወይም ፉርሽካ ይጨመርበታል፤ ውኃም በቀን 20 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። ጭድ በአጨዳና በውቂያ ሰሞን ይረክሳል፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይወደዳል፤ የጭቃ ቤት የሚመርገውም የጤፍ ጭድ ይሻማል። ማስቀመጫ ያለው ሰው ታኅሣሥ ላይ የዓመቱን ቢገዛ ብዙ ያተርፋል። ኮብልስቶን ላይ የሚውል ፈረስ ጫማው በየጥቂት ሳምንቱ መታየት አለበት። ክረምት ሲገባ መንገዱ ይጨቀያል፣ ሥራውም ይቀዘቅዛል፤ የሐምሌና የነሐሴ ቀለብ ከበጋው ገቢ ተቀንሶ ካልተቀመጠ ፈረሱ ይከሳል፣ መስከረም ላይም መጎተት ያቅተዋል።

በመጨረሻም የማይቀር ወጪ አለ፦ እርጅና። መጎተት ያቃተውን ፈረስ አስፋልት ዳር ለቆ ለመኪናና ለጅብ መተው በየከተማው የሚታይ ነውር ነው። ጋሪ የምትገዙ ሁሉ፣ ከየቀኑ ገቢ ትንሽ ለሚቀጥለው ፈረስ መግዣ፣ ትንሽ ደግሞ ለአሮጌው መጦሪያ አስቀምጡ። ይህን ማድረግ የማትችሉ ከሆነ ለጊዜው አትግዙ፤ የሌላ ሰው ጋሪ እየነዳችሁ ገንዘብ አጠራቅሙ።