የላስታ አውራ ዶሮ

የላሊበላ ካህናት ለሰዓታት ወደ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በሚወርዱበት ሌሊት በየቤቱ ቆጥ ላይ የሚነቃው አውራ ዶሮ፣ በጴጥሮስ ክህደት ታሪክ ስሙ በወንጌል የተጠቀሰ፣ በበዓልም ለገበታ የሚፈለግ ፍጡር ሲሆን፣ በሕይወት ሳለ ለመንጋው የሚሠራውን ሥራ አስተውሎ የሚመለከት ሰው ግን ጥቂት ነው።

የሚጮኸው ጎሕ ሲቀድ አይቶ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን የጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2013 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጧቸው ጥናቶች፣ አውራ ዶሮ ደብዛዛ ብርሃን ሳይለዋወጥ በሚበራበት ክፍል እንኳ ተፈጥሮ በሰጠው የውስጥ ሰዓት እየተመራ እንደሚጮኽ፣ ብዙ ወንዶች በአንድነት ባሉበትም የሁሉ የበላይ አስቀድሞ ጮኾ የቀሩት በየማዕርጋቸው እንደሚከተሉት አስረድተዋል። ይህ ማዕርግ በመነቋቆር የሚጸና ስለሆነ፣ አዲስ አውራ አምጥቶ በነባሩ ላይ መልቀቅ ደም ያፋስሳል፤ ለአሥር ሴቶች አንድ ወንድ ይበቃልና፣ አራት አምስት ዶሮ ባለበት ቤት የሁለተኛው አውራ ጥቅም አይታየኝም። መልካም አውራ ጥሬ ባገኘ ጊዜ ራሱ ከመዋጥ ይልቅ እያነሣ እየጣለ ሴቶቹን ይጠራል፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ የሚያሰማው ድምፅም ውሻ ወይም ድመት ሲመጣ ከሚያሰማው የተለየ ነው፤ ሴቶቹ የመጀመሪያውን ሲሰሙ ሮጠው ይሸሸጋሉ፣ ሁለተኛውን ሲሰሙ አንገታቸውን አቅንተው ዙሪያውን ይቃኛሉ።

የላስታ ሰው ራሱን የሚጎዳው እንግዲህ እንዲህ ያለውን መልካም አውራ በበዓል ገበያ በመሸጥ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዓለ ልደት ከቅዱስ ላሊበላ ልደት ጋር ተደርቦ ምእመናን ወደ ከተማይቱ በሚጎርፉበት ሰሞን፣ የቅዳሜ ገበያ ገዢ ዶሮውን አንሥቶ በእጁ ይመዝነዋል፣ ጣቱንም በላባው ሥር ሰድዶ የደረቱን አጥንት ይዳብሳል፤ አጥንቱ ስል ከሆነ ይመልሰዋል፣ ሥጋ ከሸፈነው፣ በራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋም ድርብ ከሆነ ወደ ክርክር ይገባል። በዚህ ዓይነት ከሁሉ የሚሻለው እየተሸጠ፣ ለዘር የሚቀረው ገዢ ያልወደደው ቀጭኑ ይሆናል። የዶሮ ገንዘብ የእማወራዪቱ ጨውና በርበሬ፣ የልጆቿም ደብተር መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ነገር ግን የአገራችን ሴት ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ያህል ብቻ ስለሆነ ጥሩ ወንድ በቶሎ አይተካም፤ ስለዚህ አንዱን ከበዓሉ አስቀድሞ ለይቶ «ይህስ አይሸጥም» ማለት ያዋጣል።

አውራውን ከሚያሳጣን ሁሉ የከፋው ግን ፈንግል ነው። ክንፍ የሚያስጥል፣ አንገት የሚጠመዝዝ፣ አረንጓዴ የሚያስቀምጥ፣ ከያዘ በኋላ መድኃኒት የሌለው ይህ በሽታ፣ በ1926 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ ስለታወቀ በዓለም የሚጠራው በዚያች ከተማ ስም ነው። በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ ዝናብ ሲገባ ይነሣል፤ ወሬው ሲሰማም ሰው ሁሉ «ሳይሞትብኝ ልሽጠው» ብሎ ወደ ገበያ ስለሚሮጥ፣ ደዌውን ከመንደር ወደ መንደር የሚያደርሰው ያው ሩጫ ነው። ሙቀት የሚችለው ክትባት ግን በዓይን አንድ ጠብታ ብቻ የሚሰጥ ስለሆነ፣ ከክረምቱ አንድ ወር አስቀድሞ ለጤነኞቹ ሰጥቶ በየአራት ወሩ መድገም ይገባል። ገዢ አጥቶ ከገበያ የተመለሰው አውራም እግሩ እንደ ተፈታ ከሌሎቹ ጋር ቆጥ ላይ አይውጣ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻው ይደር፣ ውኃውንም በራሱ ገል ይጠጣ።