ካሜራን ከእርምጃ ንዝረት ያላቀቀው ሚዛን

ሰው ሲራመድ ዓለም በፊቱ አትናወጥም፤ ዓይንና አንጎል ተባብረው የእርምጃውን ንዝረት ያርሙለታል። ካሜራ ግን ይህ ጸጋ የለውም። ተሸካሚው እግሩን ባሳረፈ ቁጥር ምስሉ ይዘላል። በዚህም ምክንያት የፊልም ባለሙያዎች ለረጅም ዘመን ካሜራውን በሐዲድ ላይ በሚሄድ ጋሪ ሲያንቀሳቅሱ ኖረዋል። በደረጃና በወጣ ገባ ሥፍራ ግን ሐዲድ መዘርጋት እጅግ አድካሚ ነበር።

መፍትሔውን በ1970ዎቹ ያመጣው አሜሪካዊው ጋሬት ብራውን ነው። «ስቴዲካም» የተሰኘው መሣሪያው በ1976 ለእይታ በበቃው «ሮኪ» ፊልም ቦክሰኛውን በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ደረጃዎች ላይ ያለ መናወጥ ተከትሎታል። በ1978ም የኦስካር ሽልማት አስገኝቶለታል።

ምሥጢሩ ክብደትን በመበተን ላይ ያረፈ ነው። ካሜራው ከምሰሶው አናት፣ ባትሪውና መመልከቻው ከግርጌ ይቀመጣሉ። በዚህም ቀድሞ በካሜራው ሆድ ውስጥ የነበረው የክብደት ማዕከል እጅ ወደሚደርስበት ምሰሶ ይወርዳል። ከማዕከሉ ጥቂት ከፍ ብሎ በሁሉም አቅጣጫ የሚዞር መጋጠሚያ ስለሚገኝ የእጅ መዛነፍ ወደ ካሜራው አይተላለፍም። ከሰደርያው ጋር የተያያዘው ባለ ሞላ ክንድ ደግሞ የእርምጃውን ከፍታና ዝቅታ ይውጣል።

ሚዛኑ የሚፈተነው ምሰሶውን አጋድሞ በመልቀቅ ነው። ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ቀጥ ካለ መልካም ነው። ከዚያ ከፈጠነ ግርጌው ከብዷል ማለት ነው፤ ባለሙያው ሲነሳና ሲቆም ምስሉ እንደ ፔንዱለም ይወዛወዛል።

ዛሬ በብዙዎች እጅ የሚገኘው ባለ ሞተር ጊምባል ይህን ድካም ያስቀረ ይመስላል። ነገር ግን ሞተሩ የተዛባን ክብደት ሲታገል ይግላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ባትሪውንም ይጨርሳል። ስለዚህ ሌንሱ፣ ባትሪውና የማስታወሻ ካርዱ ከተገጠሙ በኋላ፣ ኃይሉ ሳይከፈት፣ ሦስቱም ዘንጎች አንድ በአንድ ይመዘናሉ። ካሜራው በተተወበት አቅጣጫ ሁሉ ጸንቶ ከቆመ ሥራው ተጠናቋል። ሌንስ ከተለወጠም ሚዛኑ እንደ አዲስ ይሠራል።

በኒካሕ ሥነ ሥርዓት ሙሽራው «ቀቢልቱ» የሚለው ቃል ለቪዲዮ አንሺ ተብሎ አይደገምም። እንግዶች ከመግባታቸው በፊት ለሚዛን የዋሉት ደቂቃዎች ዋጋቸው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።