የጣና ጉዞ ማልዶ ነው

ከአዲስ ቅዳም ተነስቶ በዳንግላ በኩል ባሕር ዳር የሚገባ ቤተሰብ የጣናን ገዳማት በሞተር ጀልባ ለማየት ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋ ነው። መቅደም ያለበት ግን የመነሻ ሰዓት ነው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በጣም ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲያገኘው ፈጥኖ ይናወጣል፤ አጭርና ተደጋጋሚ ማዕበል ጀልባዋን ያንገጫግጫታል። ጠዋት ሐይቁ አብዛኛውን ጊዜ የረጋ ነው፤ የብሱ ሲሞቅ ነፋሱ ይበረታል። ስለዚህ ማልዶ ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ለልጆች ይበጃል።

«ጥልቀት ከሌለው ምን ያስፈራል?» የሚል አይጠፋም። ሰው ለመስጠም ግን ሁለት ሜትር ውሃ ይበቃዋል። ታንኳ ቀዛፊዎች ያለ ላይፍ ጃኬት ይሻገራሉ የሚለውም ክርክር ለእንግዳ አይሠራም፤ እነሱ ከልጅነት ጀምሮ ውሃውን ያውቁታል፣ ታንኳው የተሠራበት ደንገልም በራሱ ይንሳፈፋል። ዋና የማይችል የደጋ ልጅ በልኩ የሆነ ጃኬት ያስፈልገዋል። ከትከሻው ይዘው ወደ ላይ ሲስቡት ጆሮው ድረስ ከወጣ ሰፍቶታል ማለት ነው፤ ይቀየርለት።

መድረሻውም ቢሆን ቤተሰቡን የማይከፋፍል ይሁን። ክብራን ገብርኤል ሴቶች አይገቡም፤ አጠገቡ ያለው እንጦስ ኢየሱስና በዘጌ ልሳነ ምድር ያለው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁሉንም ይቀበላሉ። ሩቅ ደሴት ለመድረስ ከመቸኮል በቅርብ ያሉትን ሁሉም በሰላም አብሮ ቢያያቸው ይበልጣል።