አንድ ቅጠል ስንት ይተነፍሳል? ማሳውስ?



ከፈረስ ቤት እስከ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ማሳ ያለው ቤተሰብ ሁሉ የሚነጋገርበት ጥያቄ አለ፤ መሬቱን ባህር ዛፍ እናድርገው ወይስ እህል ይዘራበት? አንዱ ወገን ባህር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል ይላል። ሌላው እንጨቱ የስንቱን ልጅ ትምህርት ቤት እንደከፈለ ይቆጥራል። እኛም ክረምት ቤት ስንገባ ተማሪ ነንና እንጠየቃለን። ጥያቄው ግን በአስተያየት የሚያልቅ ሳይሆን የመለኪያ ጥያቄ ነው። አንድ ተክል ከአንድ ማሳ በዓመት ምን ያህል ውሃ ወደ አየር ያወጣል? በዚያ ውሃስ ምን ያህል ምግብ ወይም እንጨት ይሠራል? ይህ በሜዳ ላይ እንዴት እንደሚለካ ካወቅን ቢያንስ ክርክሩን የት ላይ መያዝ እንዳለብን እናውቃለን።

ከቅጠሉ እንጀምር። ቅጠል በዓይን የማይታዩ፣ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቀዳዳዎች አሉት፤ ስቶማታ ይባላሉ። ተክሉ ምግቡን የሚሠራበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው በእነዚህ በሮች ነው። በሩ ሲከፈት ግን ውሃም በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ስለዚህ ተክል ሁሉ ውሃ እየከፈለ ካርቦን ይገዛል፤ ዋጋው ግን ይለያያል። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ ሲ-4 ከሚባለው ወገን ናቸው፤ ካርቦኑን ቅጠላቸው ውስጥ አጠራቅመው ስለሚጠቀሙ በሩን ብዙም ሳይከፍቱ ይበቃቸዋል። ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላ፣ ድንችና ባህር ዛፍ ሲ-3 ናቸው፤ ለተመሳሳይ ምግብ የበለጠ ውሃ ይከፍላሉ። የደጋውን ብርድ ግን ከበቆሎ በተሻለ ይችላሉ። ፈረስ ቤት አካባቢ ገብስና ድንች፣ ቡሬ ላይ ደግሞ በቆሎ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

የቅጠሉን ልውውጥ የሚለካው መሣሪያ ሐሳቡ ቀላል ነው። ቅጠሉን ሳትቆርጡ በትንሽ ሳጥን ትቆነጥጡታላችሁ፤ አየር በአንድ በኩል ይገባል፣ በሌላ በኩል ይወጣል። በገባውም በወጣውም አየር ውስጥ ኢንፍራሬድ ጨረር ይተላለፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞገድ ርዝመቱ 4.26 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነውን ጨረር ስለሚውጥ፣ የጎደለው ጨረር የጋዙን መጠን ይናገራል። ቻርልስ ኪሊንግ ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሃዋይ ውስጥ በማውና ሎአ ተራራ የዓለምን አየር የለካው በዚሁ መርህ ነበር። ያኔ ከሚሊዮን 315 ገደማ የነበረው ዛሬ ከ420 በላይ ሆኗል።

ሒሳቡን እንሥራው። በሳጥኑ በሰከንድ 500 ማይክሮሞል አየር ያልፋል እንበል። የወጣው አየር ከገባው ይልቅ ካርቦኑ ከሚሊዮን በ20 ቀንሷል። የተቆነጠጠው ቅጠል 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። 500ን በ20 ሚሊዮንኛ አባዝተን ለ0.0006 ካሬ ሜትር ስናካፍል በሰከንድ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ 17 ማይክሮሞል እናገኛለን። ሒሳቡ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ጤፍ ነው። የጤፍ ቅጠል ወርዱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ ሳጥኑን አይሞላም። ብዙ ቅጠሎች ሳይደራረቡ ጎን ለጎን መደርደር፣ ስፋታቸውም ለብቻ መለካት አለበት። ከሳጥኑ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሸፍነው እኛ ለ6 ካካፈልን፣ ጤፉን በወረቀት ላይ በአንድ ሦስተኛ ሰነፍ አደረግነው ማለት ነው። የለኪው ትንፋሽም አለ። ከአፋችን የሚወጣው አየር ከሚሊዮን 40,000 ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ ከአካባቢው አየር መቶ እጥፍ ገደማ! ለዚህ ነው ለኪው ነፋሱ ወደሚሄድበት ወገን የሚቆመውና የመሣሪያው አየር በትልቅ ባዶ ዕቃ አልፎ እንዲገባ የሚደረገው።

የእኛ አገር ደግሞ ከፍታ ይጨምርበታል። በባሕር ወለል የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ፍኖተ ሰላም ወደ 80 ይወርዳል፤ 2,500 ሜትር ላይ ባለ የደጋ ዳሞት የገብስ ማሳ ወደ 75። መሣሪያው በሳጥኑ ውስጥ ያሉትን የጋዝ ሞለኪውሎች ነው የሚያየው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ሞለኪውሎቹ ይሳሳሉ። የግፊት እርማት ያልተደረገለት መሣሪያ 420 የሆነውን አየር 310 ገደማ ብሎ ያነባል። ውድ መሣሪያዎች ግፊቱን ራሳቸው ለክተው ያርማሉ። በርካሽ ሴንሰር የምንሠራ ተማሪዎች ግን እርማቱን ራሳችን መጻፍ አለብን። በነገራችን ላይ የሳሳ አየር የሚያስቸግረው መሣሪያውን ብቻ አይደለም፤ ተክሉም የሚያገኘው በዚያው ልክ የሳሳ ካርቦን ነው። ጮቄ ላይ የሚበቅለውን ጅባራ ያየ ሰው የከፍታን ኑሮ ያውቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነ ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ይህንኑ ተክል አጥንተው በ1997 (እ.ኤ.አ.) አሳትመዋል። ጥያቄያቸው ሌሊት ውርጭ የመታው ቅጠል ጠዋት ኃይለኛ ፀሐይ ሲያርፍበት ምን ይሆናል የሚል ነበር።

እስካሁን ያገኘነው የአንድ ቅጠል ቁጥር ነው። ማሳው ግን አንድ ቅጠል አይደለም፤ ስለዚህ በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ ስንት ካሬ ሜትር ቅጠል እንደተዘረጋ ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ የቅጠል ስፋት ኢንዴክስ ይባላል፤ ለበቆሎ ሜትር ብቻ ይበቃል። የቅጠሉን ርዝመት በወርዱ፣ ያንን በ0.75 ማባዛት ነው። 80 ሴንቲ ሜትር በ9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 540 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይወጣል። አማካዩ ይህ የሆነ 12 ቅጠል ያለው በቆሎ በ75 በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተዘራ በሄክታር 44,444 ተክል፣ ማለትም በካሬ ሜትር ወደ 4.4 ተክል አለ፤ ኢንዴክሱ 2.9 ገደማ ይመጣል። የጤፍን ቅጠል እየቆጠሩ እንዲህ መለካት የእብድ ሥራ ነው። ለእሱ የሚያዋጣው ብርሃን ነው። ከሰብሉ በላይና ከሥሩ ያለውን ብርሃን ለክቶ ማነጻጸር፤ ብርሃን በቅጠል መሐል ሲወርድ በኤክስፖኔንሺያል ሕግ ስለሚቀንስ፣ ከሥር የደረሰው ድርሻ ኢንዴክሱን ይሰጠናል። የማነሻ ቁጥሩን 0.5 ብንወስድ ከላይ ካየነው በቆሎ ሥር ከብርሃኑ 24 በመቶ ያህል ይደርሳል። ድንች ቅጠሉን ስለሚያጋድም ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ገብስ ስለሚያቆም ዝቅ ይላል። ጤፍ ከጋሸበ በኋላ ደግሞ የቀድሞው ቁጥር አይሠራም።

ይህ መለኪያ የሚሠራው ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ነው፤ እዚህ ላይ መድረሳ የቀራን ሰዎች ቀድመናል። ዘዋልን በቆመ እንጨት ጥላ ማወቅ ለዙህር የተማርነው ነው። የአገራችን ሰዓት የተቆረጠው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ ፈረስ ቤት ግን 37.6 ገደማ ላይ ናት። ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት ዘዋል እዚያ በአማካይ ከቀኑ 6፡30 ገደማ ይሆናል፤ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ወደ 6፡14 ይቀድማል፣ የካቲት መግቢያ ላይ ወደ 6፡44 ይዘገያል። ከአዲስ አበባም በአራት አምስት ደቂቃ ይለያል። ሚያዝያ 10 እና ነሐሴ 19 አካባቢ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ ስለምትሆን የእንጨቱ ጥላ ጨርሶ ይጠፋል። ከዛፍ ሥር ሽቅብ በዓሣ ዓይን ሌንስ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ግን ሰዓቱ የተገላቢጦሽ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይ ፎቶውን ስለሚያበላሸው ሱብሂ ሰግዶ ፀሐይ ሳትወጣ መሥራት ይሻላል።

አሁን ሁለቱን ቁጥሮች እናገናኝ። የላይኛውን ቅጠል ልውውጥ በኢንዴክሱ ዝም ብሎ ማባዛት ማሳውን ያጋንነዋል፤ የታችኞቹ ቅጠሎች በጥላ ውስጥ ናቸውና። ንብርብሩን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የሚደርሰውን ብርሃን ማስላት ያስፈልጋል። የባህር ዛፉ ክርክር የሚሳተውም እዚህ ነው። "ባህር ዛፍ ውሃ ይጠጣል" ስንል ስለ ቅጠል ነው ስለ ዛፍ ነው ወይስ ስለ ሄክታር? በቆሎ ሙሉ ቅጠል ለብሶ የሚቆየው ጥቂት ወር ነው፤ ያውም በዝናብ ጊዜ። ባህር ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው፤ በበጋም ሥሩ ወደ ታች ወርዶ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ቅጠል ከቅጠል ማወዳደር ጥያቄውን አይመልስም፤ ዓመት ከዓመት፣ ማሳ ከማሳ ነው መመዘን ያለበት። ዛፍ ከዛፍ ለማወዳደርም አንድ ቦታ ላይ የበቀሉትን መያዝ ይበጃል። ፕሮፌሰር ማስረሻ ከባይሮይት ዩኒቨርሲቲው ኧርቪን ቤክ ጋር በሙነሳ ደን ባህር ዛፍን ከዝግባና ከብሳና ጋር ያጠኑት በዚህ መንገድ ነው። ለእኛ ወረዳ የሙነሳን ቁጥር እንዳለ መገልበጥ ግን አይሆንም፤ ዝናቡም አፈሩም ሌላ ነው።

ተመሳሳይ ነገር ጤፍ ላይም አለ። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አኳክሮፕ የተባለው የምርት ማስያ ፕሮግራም በቅጠል ስፋት ኢንዴክስ ፈንታ መሬቱ ስንት በመቶ በቅጠል እንደተሸፈነ ይጠይቃል። ጤፍ የተስተካከለለት ትግራይ ውስጥ በተሠሩ የማሳ ሙከራዎች ነው። ለምዕራብ ጎጃም የሚሆነውን ሽፋን መመዝገብ ውድ መሣሪያ አይፈልግም። የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያወጡት ካኖፒዮ የተባለ ነፃ የስልክ መተግበሪያ ከላይ በተነሳ ፎቶ ላይ አረንጓዴውን ድርሻ ቆጥሮ ይሰጣል። (በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአለማያ እርሻ ኮሌጅ ሲቋቋም የረዳው ይኸው ዩኒቨርሲቲ ነው።)

ሐምሌ ላይ ቤት የምንገባ ሰዎች አንድ ማሳ ላይ አራት ችካል ተክለን፣ ስልኩን ከሰብሉ በላይ በእኩል ከፍታ ቁልቁል ይዘን፣ በየአሥር ቀኑ ከዚያው ቦታ ፎቶ ማንሳት እንችላለን። ቀኑን፣ የዘር ዓይነቱንና የተዘራበትን ዕለት አብሮ መጻፍ ነው። እኛ ወደ ግቢ ስንመለስ ቤት ያለ ታናሽ ወንድም ወይም እህት እስከ አጨዳው ሊቀጥልበት ይችላል። አጠገቡ ባህር ዛፍ ካለ ከሥሩ ሽቅብ አንድ ፎቶ ሐምሌ ላይ፣ አንድ ደግሞ ከዚያው ችካል ጥር ላይ ይነሳ። የጥሩ እንዳይዘለል፤ በቆሎው ያኔ ታጭዷል፣ በአካባቢው ቅጠል ያለው ባህር ዛፉ ነው።