49 የፈቃድ ቀን

ሰሞኑን በቅርቡ የተቀጠረች ባልደረባዬ «የዓመት ፈቃዴን ልውሰድ ወይስ ላጠራቅም?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ ለብዙዎቻችሁ ስለሚጠቅም እዚህ ልጽፈው ወደድኩ።

እኔ አጠራቅሜ አይቼዋለሁ። በ2012 ዓ.ም. እዚህ ግልገል በለስ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር እናቴ ዳንግላ ነበረች። ማልዶ ለተነሣ ሰው በቻግኒና በእንጅባራ አድርጎ በዚያው ቀን የሚገባበት አገር ነው። እኔ ግን «ጥቂት ቀን ምን ያደርግልኛል? አጠራቅሜ ሁለት ወር ሙሉ አጠገቧ እቀመጣለሁ» አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ግልገል በለስ ያለችበት መተከል ሰላም አጣ። የመናኸሪያው ወሬ ሁሉ «መንገዱ ተከፈተ፣ ተዘጋ» ሆነ። በሦስት ዓመት 49 የሥራ ቀን ተጠራቀመልኝ። የፈቃድ ቅጹ ላይ «ቀሪ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር ሀብት ያለኝ ይመስለኝ ነበር።

መንገዱ ተሻሽሎ ሁሉንም ስጠይቅ የተፈቀደልኝ ሦስት ሳምንት ነው። «ሒሳብ መዝጊያ ደርሷል፤ የሚተካሽ ሰው የለም» ተባልኩ። ዳንግላ ስደርስ የእናቴ እንዝርት ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ትቻት ስሄድ እየፈተለች ታጫውተኝ የነበረችው ሴት አሁን ጣቶቿ ክሩን መያዝ አቅቷቸዋል። «ነጠላሽን ሳልጨርሰው ቀረሁ» አለችኝ። ያን ነጠላ ስትፈትል አጠገቧ የምቀመጥበት ቀን ነበረኝ፤ ወረቀት ላይ አስቀምጬው ነው።

ሕጉም ቢሆን ፈቃድን እንደ ቁጠባ አያየውም። የዕረፍትና በየጊዜው ከክፍያ ጋር ፈቃድ የማግኘት መብት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ላይ ሰፍሯል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ እንዲህ ነው፦

🔹 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል።
🔹 ሠራተኛው ከጠየቀና አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል።
🔹 ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ሲስማማ ወይም ሥራ ሲያስገድድ ሊተላለፍ ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ግን አይተላለፍም።
🔹 በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው። የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ብቻ ያልተወሰደው ቀን ይከፈላል።

የመንግሥት ሠራተኞች የምትተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ የናንተን ከሰው ሀብት ክፍላችሁ ጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚያጠራቅመው «ብታመምስ? ብወልድስ?» ብሎ ነው። እነዚህ የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው። ለወሊድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር አለ። ለሕመም በሐኪም ማስረጃ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ድረስ ፈቃድ ይሰጣል፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሞት ደግሞ ሦስት ሦስት የሥራ ቀን ከክፍያ ጋር አለ። እንግዲህ ለእነዚህ ብላችሁ የዓመት ፈቃዳችሁን አትቆልፉት።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ። አገሩ ሩቅ ለሆነ ሰው ሦስት የለቅሶ ቀን አይበቃም። ከዚህ ተነሥቶ ወሎ ወይም ወለጋ ለሚሄድ መንገዱ ብቻ ይጨርሰዋል። ስለዚህ እኔ አራት አምስት ቀን ለክፉ ቀን በእጄ አስቀራለሁ። ከዚያ በላይ የተቀመጠው ግን ላም አለኝ በሰማይ ነው። የምትጠብቁት ቀን ሲመጣ መንገዱ ክፍት ይሁን፣ አለቃ ይፍቀድ፣ የምትሄዱበት ሰው እንደነበረ ይቆይ፣ ማንም ዋስትና አይሰጣችሁም።

ለባልደረባዬ የመከርኳት ይህን ነው፦ የፈቃድ ፕሮግራም ሲወጣ ቀድመሽ አስመዝግቢ፤ ለሁለት ክፈይው፤ አንዱን ክፍል መንገድ ደረቅ በሆነበት ወራት አድርጊው፤ የተፈቀደበትን ወረቀት ኮፒ ያዢ። ከፈቃድ ላይ ቢጠሩሽም የመጓጓዣና የውሎ አበል ወጪሽን የሚሸፍነው አሠሪው መሆኑን እወቂ።

እኔ ዘንድሮ ለጥምቀት ዘጠኝ ቀን ሞልቻለሁ። ነጠላው ገና አላለቀም። አሁን የምፈትለው እኔ ነኝ፤ እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ «ክሩ ወፈረብሽ፣ አቅጥኚው» ትለኛለች።