በተኑ የማይታዘዘው ለምንድን ነው?

ጃቫ እየተማረ መስኮትና በተን ወደሚሠራበት ስዊንግ የደረሰ ሰው መጀመሪያ የሚጣላው ከበተን ጋር ነው። ሴትሳይዝ ብሎ 200 በ40 ይጽፋል። ፕሮግራሙን ሲያስነሳው በተኑ ወይ ንቅንቅ አላለም፣ ወይ መስኮቱን ሙሉ በሙሉ ውጦታል። «ስዊንግ አርጅቷል፣ ብልሽት አለበት» የሚለው ወሬ የሚነሳው ከዚህ ነው። ማርጀቱ እውነት ነው፤ ከጃቫ 1.2 ጋር በ1998 የወጣ ነው። ብልሽት ግን አይደለም። የበተኑን ቦታና መጠን የሚወስነው በተኑ የተቀመጠበት ፓነል ሲሆን፣ ፓነሉም ውሳኔውን ለሌይአውት ማናጀር አሳልፎ ሰጥቷል። መስኮቱ ሲከፈትም ሆነ ሲለጠጥ ማናጀሩ እንደገና ያሰላና በሴትሳይዝ የተጻፈውን ቁጥር ይሽረዋል።

«እንግዲያው ሴትፕሪፈርድሳይዝ ልጠቀም» የሚለው መፍትሔ ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ይህ ትእዛዝ ሳይሆን ጥያቄ ነው፤ ሰሚ ማግኘቱ በማናጀሩ ይወሰናል። ፍሎውሌይአውት ወርዱንም ቁመቱንም ይቀበላል። ግሪድሌይአውት ያለውን ቦታ ለሁሉም እኩል ያካፍላል። ቦርደርሌይአውት ሰሜንና ደቡብ ላይ ቁመቱን ብቻ፣ ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ወርዱን ብቻ ይሰማል፤ መሃል ላይ ሁለቱንም አይሰማም። መስኮቱ፣ ማለትም ጄፍሬም፣ ሲፈጠር የሚሰጠው ማናጀር ይኸው ቦርደርሌይአውት ነው፣ ቦታ ያልተነገረለት ነገር ሁሉ ደግሞ መሃል ይገባል። መስኮቱን የዋጠው በተን ነገር ይህ ነው። ሁለተኛ በተን እዚያው ላይ ሲጨመር የፊተኛው ይሰወራል፣ ጀማሪውም ኮዱ አልሠራም ብሎ ሌላ ቦታ ስህተት ሲፈልግ ይውላል።

ከሁሉም የከፋው ግን «ማናጀሩን ኑል (ባዶ) ላድርገው፣ በሴትባውንድስ ሁሉን ራሴ እቆጣጠራለሁ» የሚለው ነው። ቁጥጥሩ እውነት የሚመስለው በጻፈው ሰው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። «ሴቭ» ለሚል በተን 80 ፒክስል ወርድ ተሰጠ እንበል። ፕሮግራሙ ወደ አማርኛ ተመልሶ በተኑ «ለውጦቹን አስቀምጥ» የሚል ሲሆን፣ ስዊንግ የማይበቃውን ጽሑፍ ቆርጦ ጫፉን በሦስት ነጥብ ይዘጋዋል። ለላቲን ፊደል በተለካ ጠባብ ቁመት ውስጥም የግዕዝ ፊደል እንደ ፎንቱ አናቱ ወይም እግሩ ሊቆረጥ ይችላል። ለአማርኛ ተጠቃሚ የሚሠራ ሰው ይህን መንገድ የሚመርጥበት ምክንያት አይታየኝም። ማናጀር ባለበት ፓክ የሚለውን ትእዛዝ መጥራት ብቻ ይበቃል፤ መስኮቱ በአዲሱ ጽሑፍና ፎንት ልክ ይሆናል። በኑል ግን ፓክ የሚያሰላበት ነገር የለውም፤ ገና ያልተከፈተ መስኮት ላይ ከተጠራ ከርዕሱ በቀር ምንም ላይተርፍ ይችላል።

ከማናጀሮቹ መካከል ግሪድባግሌይአውት «እብድ ነው» ተብሎ ስሙ ጠፍቷል። ለዚህ ስም የዳረገው በዋናነት ዌይትኤክስና ዌይትዋይ ሳይነኩ ሲቀሩ ዋጋቸው 0 መሆኑ ነው። ትርፍ ቦታውን የሚወስድ ስለሌለ ሁሉም ነገር መሃል ላይ ይከማቻል። መስኮቱ ሲጠብ ደግሞ ማናጀሩ ከፕሪፈርድ ወደ ሚኒመም መጠን በአንድ ጊዜ ይወርዳል፤ ደህና የነበረው ቴክስትፊልድ ድንገት ቀጭን መስመር የሚመስለው ለዚህ ነው። ለቴክስትፊልዱ ዌይትኤክስ 1፣ ፊል ደግሞ ሆሪዞንታል ሲሰጠው የቀረውን ቦታ ይወስዳል።

አንድ ስህተት ደግሞ አለ፦ መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ የተጨመረ ነገር ሳይታይ ሲቀር ሪፔይንት ይበቃል ብሎ ማሰብ። ሪፔይንት ያለውን እንደገና ይስላል እንጂ አዲስ ስሌት አይሠራም፤ ስሌቱን የሚያሠራው ሪቫሊዴት ነው። ለመለየት ቀላል ነው፤ የመስኮቱን ጫፍ በማውዝ ይዘው ጥቂት ሲጎትቱ የጠፋው ነገር ብቅ ካለ የጎደለው ሪቫሊዴት ነበር።